የጃፓንን ተራራ በሳይክል፦ የአማተር የውድድር ዓመት ከምዝገባ እስከ ቁልቁለት

የዳገት ውድድር ሲያዩት ቀላል ነው። ከተራራው ሥር ትነሳላችሁ፣ አናቱ ላይ ሰዓቱ ይቆማል። በቃ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተጠላልፎ መውደቅ የለም፤ ቡድን፣ ታክቲክ፣ ግፊያም ብዙ የለም። ጃፓን ውስጥ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ጡረተኛውም፣ የልጆች እናትም የሚሰለፍበት ለዚህ ነው።

እኔም በቀላልነቱ ተሸውጄ ነው የገባሁበት። የመጀመሪያው ፉጂዬ ላይ ከ90 ደቂቃ በታች እገባለሁ ብዬ ፎክሬ 1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ፈጀብኝ። የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች የወጣሁት እንደ አሮጌ የጭነት መኪና እያቃሰትኩ ነው። በሦስተኛው ዓመት 1 ሰዓት ከ28 ገባሁ። እግሬ ትንሽ ጠንክሯል፣ አልክድም። አብዛኛውን ደቂቃ ያገኘሁት ግን በመነሻው ሩብ ሰዓት ራሴን መያዝ ስለተማርኩ ነው። ከታች ያለው አሠራር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚያች ሩብ ሰዓት ይመጣል።

ደረጃ 1፦ አንድ ተራራ ምረጡ

ወቅቱ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። ውድድሩ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ልሩጥ ካላችሁ አንዱንም በደንብ አትሮጡትም። አንዱን ዋና አድርጉ። የቀሩት የእሱ መለማመጃ ይሁኑ።

ለጀማሪ የምመክረው የፉጂውን ነው። በጁን መጀመሪያ ይካሄዳል። መንገዱ ሱባሩ ላይን ይባላል፤ 24 ኪሎ ሜትር፣ ወደ 1,270 ሜትር ከፍታ መውጣት፣ አማካይ ዳገቱ 5.2 ከመቶ። የሚገድል ቀጥ ያለ ዳገት የለበትም፤ በጣም የከበደው ቦታ 7.8 ከመቶ ነው። የሚያልቀው 5ኛው ጣቢያ ላይ፣ ማለት ተራራ ወጪዎች የሚያርፉበት ቦታ ላይ ነው፣ 2,305 ሜትር። ለእኛ ሰው ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ፉጂን ግማሽ ድረስ ወጥታችሁ የምትደርሱት አዲስ አበባ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው የፉጂ መሳቢያ ቀለበቱ ነው። ከ90 ደቂቃ በታች የገባ የነሐስ ይሰጠዋል። ከ75 በታች ብር፣ ከ65 በታች ወርቅ፣ ከ60 በታች ፕላቲነም። ከሳይክሉ መሪ ሥር የምትገባ ትንሽ ነገር ናት። አዋቂ ሰው ለእሷ ብሎ ዓመት ሙሉ ራት ሲቀንስ ማየት ያስቃል። እኔም ቀንሻለሁ።

ከፉጂ በፊት በሜይ የሃሩና ውድድር አለ፤ ጉንማ ግዛት፣ ታካሳኪ ከተማ። እስከ ሃሩና ሐይቅ የሚወስደው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን ወደ መጨረሻው 14 ከመቶ የሚደርስ ዳገት ይጠብቃችኋል። ከፉጂ በኋላ በጁን ማትሱሞቶ ውስጥ የኡትሱኩሺጋሃራው ይመጣል። እሱ ደግሞ ገና ከመነሻው ብዙም ሳትርቁ በቀጥ ያለ ዳገት ነው የሚቀበላችሁ፤ ለመጀመሪያ ዓመት አልመክረውም። ሰሜን አኦሞሪ ድረስ ለሚሄድ የኢዋኪ ተራራ መንገድ 69 መታጠፊያ አለው።

በኦገስት መጨረሻ ኖሪኩራ፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ አካጊ አለ። ወደ ሁለቱ በኋላ እመለሳለሁ። የእኔ ዓመት ሃሩና፣ ፉጂ፣ ኖሪኩራ፣ አካጊ ነው። አራት ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ምዝገባውና አልጋው

የፉጂ ምዝገባ የሚከፈተው ገና ብርዱ ሳይወጣ ነው። ውድድሩ ሲቃረብ እመዘገባለሁ ማለት አይሠራም። ቀኑን ስልካችሁ ላይ ያዙ።

ቅጹ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ለይቶ በካታካና፣ በጃፓን ፊደል፣ ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም እናስገባለን። ይሁን፣ ችግር የለውም። ግን መኖሪያ ፈቃዳችሁ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፤ ቁጥርና ሰዓት የሚይዘውን ቺፕ ስትወስዱ መታወቂያ ብትጠየቁ ስሙ መግጠም አለበት። እኔ አንድ ጊዜ የአያቴን ስም ጨምሬ ዝርዝሩ ውስጥ እኔን ለመፈለግ ሦስት ሰው ተሰበሰበ።

ይደርስብኛል የምትሉትን ሰዓትም ትሞላላችሁ። የምትነሱበት ምድብ በእሱ ነው የሚወሰነው። አትዋሹ። ሰዓቱን አሳጥሮ የሞላ ሰው ከፈጣኖች ጋር ይነሳል፣ ከእነሱ ጋር ልሂድ ይላል፣ ከዚያ ይቃጠላል። 1 ሰዓት ከ41 የገባሁበት ዓመት እንደዚያ ነበር የሞላሁት።

ምዝገባው እንዳለቀ በዚያው ቀን አልጋ ያዙ። ካዋጉቺኮና ፉጂዮሺዳ አካባቢ ያሉ ትናንሽ ማደሪያዎች በዚያ ሰሞን ቶሎ ያልቃሉ። ስትይዙ ቁርስ በሌሊት ይሰጡ እንደሆነ ጠይቁ። ካልሰጡ ከሱቅ የሩዝ ኳስ፣ ማለት ኦኒጊሪ፣ ገዝታችሁ ግቡ። የሳይክል መድን ደግሞ ቶኪዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ከሌላችሁ ከውድድሩም በፊት እሱን አስተካክሉ።

ደረጃ 3፦ ቁጥራችሁን እወቁ

ዳገት ሒሳብ ነው። ከነሳይክሉ ምን ያህል ትመዝናላችሁ፣ ፔዳሉን በስንት ዋት፣ ማለት በምን ያህል ጉልበት፣ ትገፋላችሁ፤ ሌላው ጌጥ ነው።

ምሳሌ ላስላ። እናንተ 65 ኪሎ፣ ሳይክሉ ከነልብሱና ከነውሃው 10 ኪሎ እንበል። ይህን 75 ኪሎ በ90 ደቂቃ 1,270 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ ከ170 ዋት በላይ ይፈልጋል። የጎማውን መፋተግና ንፋሱን ስትጨምሩ 200 ያልፋል። ስለዚህ የነሐሱ ቀለበት በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ3 ዋት ትንሽ ከፍ ያለ ጉልበት ይጠይቃል ማለት ነው፤ ያውም ለአንድ ሰዓት ተኩል ሳይቋረጥ። ብሩ ወደ 4 ይጠጋል።

ከዚሁ ሒሳብ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። አንድ ኪሎ መቀነስ እዚህ መንገድ ላይ የአንድ ደቂቃ ያህል ዋጋ አለው። የ400 ግራም ቅናሽ ያለው የካርቦን ቸርኬ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አያመጣም። ዋጋው ግን የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነው። ሱቅ ገብታችሁ ስታዩት ልባችሁ ይሸፍታል፤ አውቃለሁ። ሆዳችሁ ላይ ሦስት ኪሎ ካለ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፤ እሱ በነጻ ነው።

ዋት የሚለካ መሣሪያ ካላችሁ በጥሩ ሁኔታ ተሟሙቃችሁ 20 ደቂቃ በሙሉ አቅማችሁ ንዱ። የወጣውን አማካይ በ0.95 አባዙ። ለአንድ ሰዓት ያህል የምትችሉት ጉልበት በግምት እሱ ነው። መሣሪያው ከሌላችሁ አትግዙ። የልብ ምት መለኪያ ይበቃል፤ እሱም ከሌለ አፋችሁ አለ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ቀላል ነው። ሦስት አራት ቃል ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ምንም ካልወጣ አልፋችኋል።

ደረጃ 4፦ ከክረምት እስከ ሜይ

ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ተራራው መንገድ በረዶ ይይዛል። ቤት ውስጥ ሮለር ላይ፣ ሳይክሉ ባለበት ሆኖ ጎማው በሚሽከረከርበት መሣሪያ ላይ፣ መንዳት ግድ ነው። የጃፓን አፓርታማ ወለል ስስ ነው፤ የታች ጎረቤት ይሰማል። ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ፣ ከመሸ በኋላ አትንዱ፤ ባይቆጡም ሰላምታ ሲቀንሱ ታውቁታላችሁ።

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። አንዱ ቀን 20 ደቂቃ ሁለት ጊዜ፣ በመሃል 10 ደቂቃ እረፍት፣ ጉልበቱ ከላይ ካገኛችሁት ቁጥር ትንሽ ዝቅ ያለ። ሌላው ቀን ለአንድ ሰዓት ለስለስ ያለ። ሦስተኛው፣ ቅዳሜ ወይ እሑድ፣ ረጅም። ከማርች ጀምሮ ረጅሙን ወደ እውነተኛ ዳገት ውሰዱት።

ቶኪዮ አካባቢ ላለ ሰው ያቢትሱ ማለፊያ አለ፤ ካናጋዋ ውስጥ፣ ከሃዳኖ ከተማ የሚወጣ 12 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ። አናቱ 761 ሜትር ነው። ከ40 ደቂቃ በታች መውጣት የብዙ ጀማሪ ሕልም ነው። ዳገቱ የሚቆራረጥ ስለሆነ ለፉጂ ፍጹም አምሳያ አይሆንም፤ ግን ባቡር ጣቢያው ቅርብ ነው። አጠር ብሎ መራር የሆነ ለሚፈልግ በቶኪዮና በካናጋዋ ድንበር ያለው ዋዳ ማለፊያ አለ፤ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን አማካዩ 10 ከመቶ ይጠጋል። እዚያ ወጥቶ ያልተሳደበ የለም።

ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ቁርስ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ የወጣችሁበትን ደቂቃ ለካችሁ ጻፉት። ሌላ ቀን አትለኩ፤ በየቀኑ ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰው ይታመማል።

ስለ ጾም የሚጠይቀኝ ሰው ስላለ እዚሁ ልበለው። ሁዳዴ የሚወድቀው ልክ ልምምዱ በሚከብድበት ወቅት ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 22፣ ኖሪኩራ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት። ይቻላል። ምግቡ ራሱ ችግር የለበትም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ቶፉ አለ። የተብላላው አኩሪ አተር፣ ናቶ፣ ሽታውን ከቻላችሁት እሱም የጾም ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ባዶ ሆድ ይዞ ከባድ ልምምድ መሥራት ራስን መጉዳት ነው። ስለዚህ ጠዋት ለስለስ ያለውን ብቻ፣ ከባዱን የቀኑን ጾም ፈታችሁ ከበላችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ አድርጉት። በአካባቢው አብዛኛው ሾርባ ውስጥ የዓሣ ፈሳሽ እንደሚገባም አትርሱ፤ አትክልት ብቻ ነው የተባለውም ብዙ ጊዜ ዓሣ አለበት።

ለረጅሙ ቀን ኪሴ ውስጥ የምይዘው በሶ ነው። በማርና በትንሽ ጨው በውሃ ለውሼ ጭብጦ አደርገውና በፕላስቲክ እጠቀልለዋለሁ። ጃፓኖቹ ደግሞ ዮካን የሚባል የባቄላ ጣፋጭ ይይዛሉ፤ ትንሽ፣ የማይቀልጥ፣ በአንድ እጅ የሚከፈት። ለውድድር ቀን ዮካኑ ይሻላል። በሶ በሚያለከልክ አፍ መዋጥ ሞክሬ ልታነቅ ነበር።

ደረጃ 5፦ ሳይክሉ

በጣም የሚያስፈልጋችሁ ነገር ቀላል ማርሽ ነው። ፊት 50 እና 34 ጥርስ፣ ኋላ እስከ 32 ወይም 34 የሚደርስ። ፉጂን በ90 ደቂቃ መውጣት ማለት በአማካይ 16 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ በደቂቃ 80 ጊዜ ፔዳል ስትመቱ ይህ በ34 እና በ21 ጥርስ ይገኛል። ከበድ ሲል 28 ትጠቀማላችሁ። 32ቱ ለመጠባበቂያ ነው። ሃሩና ላይ መጠባበቂያ አይሆንም፣ ሕይወት ይሆናል።

ካቴናውን አጽዱና ዘይት ቀቡ። ጎማው ከተበላ ቀይሩ፤ በዋዜማው ግን አይደለም። ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት አዲስ ነገር አትግጠሙ። አዲስ ኮርቻ፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ፔዳል፣ ሁሉም ይቆይ።

አንድ የውሃ ጠርሙስ ብቻ። ግማሽ ሊትር ግማሽ ኪሎ ነው፤ ሒሳቡን ከላይ አይታችሁታል። ፉጂ ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ይበቃል። መለዋወጫ ካላማዳሪና መንፊያ ይዤ ልውጣ ወይስ አልያዝ የሚለው ክርክር አያልቅም። እኔ እይዛለሁ። ለቀለበት የሚሟሟት አይይዙም።

ደረጃ 6፦ ሳይክል በባቡር

ጃፓን ውስጥ ሳይክል ባቡር ላይ የሚወጣው ተፈትቶ ሙሉ በሙሉ ከረጢት ውስጥ ሲገባ ነው። ሪንኮ ይባላል። ኮርቻው ወይም መሪው ብቅ ካለ አይፈቀድም። ከረጢቱን ገዝታችሁ ሳሎናችሁ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተለማመዱ። ሁለቱንም ጎማ ፍቱ፣ ከፍሬሙ ግራና ቀኝ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ካቴናውን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ከዚያ ከረጢቱን አልብሱት። መጀመሪያ 40 ደቂቃ ይፈጅባችኋል፤ በኋላ 10።

ጣቢያው በር ላይ ሰው መንገድ ዘግታችሁ አትፍቱ፤ ጥግ ያዙ። ባቡሩ ውስጥ ጥሩው ቦታ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ወይም የፉርጎው ጫፍ ነው። ለፉጂ ከሺንጁኩ በቹኦ መስመር እስከ ኦትሱኪ፣ ከዚያ ወደ ፉጂኪዩኮ መስመር ቀይራችሁ ፉጂሳን ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ለኖሪኩራ ከሺንጁኩ በአዙሳ ፈጣን ባቡር እስከ ማትሱሞቶ ነው።

ደረጃ 7፦ ዋዜማና ጠዋት

ብዙዎቹ ውድድሮች ቁጥርና ቺፕ የሚሰጡት በዋዜማው ነው። ሲዘጋ ዘጋ ነው፤ መለመን የለም። ቺፑን እንደተሰጣችሁ በዚያው ቀን በተባለው ቦታ እሰሩት።

ከዚያ ለቁልቁለቱ የሚለበስ ልብስ የሚገባበት ከረጢት አለ። ይኼን በትኩረት አንብቡ። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ከረጢታችሁን ለመኪና ትሰጣላችሁ፣ አናት ላይ ትቀበላላችሁ። ውስጡ መኖር ያለበት፦ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ሙሉ ጣት ያለው ወፍራም ጓንት፣ ረጅም ሱሪ፣ አንገት መሸፈኛ፣ ደረቅ ቲሸርት። ሰማዩ ጥርት ቢልም አስገቡ። በየ100 ሜትሩ የሙቀቱ መጠን 0.6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ታች 15 ከሆነ ላይ 7 ወይም 8 ነው። በላብ ረጥባችሁ ነው የምትደርሱት።

መጸዳጃ ቤት። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ከጠበቃችሁትም ይረዝማል። ማደሪያችሁ ውስጥ ጨርሳችሁ ውጡ፣ ከቦታው እንደደረሳችሁ ደግሞ ባይመጣም ተሰለፉ።

ቁርስ ከመነሻው ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ። ሩዝ፣ ሙዝ፣ ቡና። መነሻው ሥር ቆሞ መጎረስ ዳገት ደርሶ በቅሎን ገብስ ማብላት ነው።

እየጠበቃችሁ ሳለ አጠገባችሁ ያለ ሽማግሌ ከየት ነህ ይላችኋል። ኢትዮጵያ ስትሉ «አበበ!» ይላሉ፣ ዓይናቸው በርቶ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱን የቶኪዮ ማራቶን በልጅነታቸው ያዩ ናቸው። ከዚያ ቀና ብለው እግራችሁን ያዩታል። ያን ጊዜ ደረት መንፋት ይመጣል፤ እሱ ነው አደጋው። ደግሞ ደጋ አገር ማደግም እዚህ ብዙ አያድንም፤ ከባሕር ጠለል ላይ ዓመታት ከኖራችሁ ደማችሁ ያንን ከረሳው ቆይቷል።

ደረጃ 8፦ ዳገቱ

ፉጂ ላይ ከፓርኩ ተነስታችሁ ሰዓቱ እስከሚጀምርበት መስመር ድረስ ትንሽ መንገድ አለ። በዚያ ላይ ተንፍሱ፣ ማርሽ ሞክሩ። መስመሩን ስታልፉ ቺፑ ይጮሃል፣ ዙሪያችሁ ያለው ሰው ሁሉ ይፈተለካል።

ተዉት ይሂድ።

ይኼን መጻፍ ቀላል ነው፤ ማድረጉ የዓመቱ ከባድ ሥራ ነው። እግራችሁ አርፏል፣ ልባችሁ ይዘላል፣ መንገዱ ሰፊ ነው። 250 ዋት 180 ይመስላችኋል። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ከአማካያችሁ ትንሽ ዝቅ ባለ ጉልበት ንዱ። ለ210 ተዘጋጅታችሁ ከሆነ 200ን አትለፉ። ቁጥር ከሌላችሁ ለራሳችሁ ስማችሁን እስከ አያት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ካቋረጣችሁ ቀንሱ። አጠገባችሁ ያለው ሰው እብድ ነው ብሎ ይራቅ፤ ቦታም ይለቅላችኋል።

የሚያልፏችሁን ቁጠሩ። እኔ በሦስተኛው ዓመት 60 ስደርስ መቁጠር አቆምኩ። አንድ ቢጫ ካልሲ ያደረገ ወጣት እያፏጨ አለፈኝ። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ከፍታው 2,000 ሜትር ሲጠጋ፣ ቢጫዎቹን ካልሲዎች እንደገና አየኋቸው። ቀጥ ብለው አይሄዱም ነበር፤ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛሉ። ፉጨቱም የለም።

ሒሳቡ እንዲህ ይያዝ። 90 ደቂቃ ለ24 ኪሎ ሜትር በየኪሎ ሜትሩ 3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነው። ግን መንገዱ እኩል አይደለም፤ ወደ መጨረሻው፣ ኦኩኒዋን ካለፋችሁ በኋላ፣ ለጥ ያለ ቦታ ይመጣል። ስለዚህ 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ 46 ደቂቃ ብታዩ አትደንግጡ፤ ለጥ ያለው ቦታ ይመልስላችኋል። 43 ካያችሁ ነው መደንገጥ ያለባችሁ።

በ45ኛው ደቂቃ ዮካኑን ብሉ፣ ቢርባችሁም ባይርባችሁም። ውሃውን ትንሽ ትንሽ ተጎንጩ። በየ10 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል ከኮርቻ ተነስታችሁ ንዱ፤ ወገብ ያርፋል።

ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ይሳሳል። 2,300 ላይ የምትስቡት ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ዋቱ ቢወርድ ደካማ ስለሆናችሁ አይደለም። ትንፋሹን ያዙ፣ ቁጥሩን ተዉት።

ለጥ ያለው ቦታ ላይ ስትደርሱ ፊት ያለውን ወደ ትልቁ ጥርስ ቀይሩ። ብዙ ሰው እዚህ ደክሞት ትንሹን ይዞ ይንሳፈፋል። እናንተ ከአንድ ፈጠን ያለ ሰው ጀርባ ግቡ፤ ንፋሱን ይቆርጥላችኋል፣ ፍጥነቱም ከ30 በላይ ይሆናል። ያጠራቀማችሁት ጉልበት የሚወጣው እዚህ ነው። ከዚያ አጭር የመጨረሻ ዳገት አለች፤ እዚያ ላይ ምንም አታስቡ።

ደረጃ 9፦ ቁልቁለቱ

ከዳገቱ በላይ የምፈራው ይኼን ነው። መጀመሪያው ዓመት ጓንት ረስቼ ነበር፤ ማለት ከረጢቱ ውስጥ ያስገባሁት ጣቱ የተቆረጠውን ነው። ዳመናው ውስጥ ስንገባ ጣቶቼ የእኔ መሆናቸው ቀረ። ፍሬኑን በሁለት እጄ ልይዝ ሁሉ አሰብኩ። አንዲት ሴትዮ አይታኝ ስንቆም የራሷን መለዋወጫ ጓንት አውጥታ ሰጠችኝ። ሮዝ ነበር። ታች እስክደርስ አላወለቅኩትም።

አናት ላይ ሳትቆዩ ከረጢታችሁን ተቀበሉ፣ እርጥቡን አውልቁ፣ ሁሉንም ልበሱ። ሰዓታችሁን ለማየት ስልክ ላይ መተከል ኋላ ይደርሳል። የሚወረደው በቡድን ነው፤ ፊት መሪ አለ፣ እሱን ማለፍ ክልክል ነው። ከፊታችሁ ካለው ሰው ራቁ። ፍሬኑን ይዛችሁ አትቆዩ፤ ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ። ቸርኬው ላይ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ 24 ኪሎ ሜትር ሙሉ ሲታሽ ይግላል።

ታች የዮሺዳ ኡዶን ይጠብቃችኋል። ፓስታው ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ መንጋጋ ይፈልጋል። ከተማው ውስጥ ባሉት ቤቶች ላዩ ላይ የሚደረገው ሥጋ ብዙ ጊዜ የፈረስ ነው። ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ ያለ ሥጋ፣ በጥቅል ጎመን ብቻ ብትሉ ይሠሩላችኋል።

ደረጃ 10፦ ኖሪኩራ፣ ከዚያ አካጊ

ከፉጂ በኋላ አንድ ሳምንት ሳይክሉን እርሱት። ጁላይ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታችሁ ካልነዳችሁ አይነዳም።

የኖሪኩራው ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አለ። 20.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ወደ 1,260 ሜትር መውጣት። የሚያልቀው 2,700 ሜትርን አልፎ ነው፤ ጃፓን ውስጥ ከዚያ በላይ የሚሄድ አስፋልት የለም። መንገዱ ከ2003 ጀምሮ ለግል መኪና ዝግ ስለሆነ ከውድድሩ ውጪም መለማመድ ይቻላል። እስከ ሳንቦንዳኪ ያለው 7 ኪሎ ሜትር ለስላሳ ነው፤ እዚያ ሰው ሁሉ ይፈተለካል። ከኩራይጋሃራ ማደሪያ በኋላ ዛፉ ያልቃል፤ ኦገስት ሆኖም በስተግራ በረዶ ይታያል፣ ላዩ ላይ የሚንሸራተት ሰው ሁሉ አይቻለሁ። ከዚያ በላይ ማርሹን አንድ ጥርስ አቅልሉና ትንፋሽ ላይ ብቻ ንዱ። አውሎ ነፋስ የሚመጣበት ወቅት ስለሆነ መንገዱ ሊያጥር ወይም ውድድሩ ሊሰረዝ ይችላል። በመሰረዝ አትናደዱ። እዚያ ከፍታ ላይ ዝናብ ያገኘው ሰው ምክንያቱ ይገባዋል።

አካጊ በአንጻሩ ከማኤባሺ ከተማ ቆላ ይነሳል። 20.8 ኪሎ ሜትር፣ ወደ 1,313 ሜትር መውጣት፣ አማካይ 6.4 ከመቶ። የመጀመሪያው ሲሶ ያታልላል፤ ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ ነው፣ የመንደሩ ሰው ወጥቶ ያበረታታል፣ ከበሮ ይመታል፣ አሮጊቶች ባንዲራ ያውለበልባሉ። ለእነሱ ስትሉ ፍጥነት ትጨምራላችሁ። አትጨምሩ፤ እጅ አውለብልቡላቸው፣ አመስግኑ፣ ዋታችሁን ያዙ። መታጠፊያዎቹ ሲጀምሩ ሰውም ከበሮም የለም።

ማታ ቤት ስትገቡ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ዋት፣ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ዋት፣ የጠዋት ክብደት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ካነሰ ለሚቀጥለው ፉጂ ምዝገባ ስትሞሉ የሰዓቱ ሳጥን ላይ አምስት ደቂቃ ጨምሩ።